አፍንጫ የሌለው የብስክሌት መቀመጫና የአስመጪው ድርሻ

ብስክሌት የሚሸጥ ባለሱቅ በዓመት ውስጥ ከደንበኞቹ የሚሰማው አቤቱታ ብዙ ዓይነት ነው። ጎማው ተነፈሰ፣ ፍሬኑ አልይዝ አለ፣ ሰንሰለቱ ወለቀ፣ የፔዳሉ ብሎን ላላ ይባላል። ይህ ሁሉ ያለ ኀፍረት በሰው ፊት ይነገራል፤ ባለሱቁም መፍቻውን አንሥቶ ይጠግናል፣ ወይም መለዋወጫውን ይሸጣል። አንድ አቤቱታ ግን ከሱቁ ደጃፍ ደርሶ ይመለሳል፤ ይኸውም የመቀመጫው ሕመም ነው። አንድ ሰዓት ያህል ሲነዳ የቆየ ሰው ከብስክሌቱ ሲወርድ በሁለቱ ጭኖቹ መካከል ያለው ሥጋ ደንዝዞ፣ አንዳንድ ጊዜም እንደ እሳት እየፈጀው ያገኘዋል። ሆኖም ይህንን ለባለሱቁ መግለጥ ነውር ስለሚመስለው ዝም ይላል። ቢበዛ «ለስለስ ያለ የመቀመጫ ልብስ አላችሁ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ባለሱቁም ስፖንጅ የተሞላውን ልብስ ከመደርደሪያው ያወርድለታል፤ ሒሳቡን ይቀበላል፤ ነገሩም ያለቀ ይመስላል።

ደንበኛው ስላፈረ ዝም ይላል፤ ነጋዴው ደግሞ ዝምታውን እንደ ርካታ ይቆጥረዋል። ከባለሱቁ ለአስመጪው በሚደርሰው የዕቃ ዝርዝር ላይ ጎማና ፍሬን እንጂ የተሻለ መቀመጫ ተጽፎ ስለማይገኝ፣ አስመጪው «ይህ ዕቃ ፈላጊ የለውም» ብሎ ይፈርዳል። በዚህ መካከል የሚጎዳው በብስክሌቱ እንጀራውን የሚበላው ሰው ነው። ለመዝናናት የሚነዳ ሰው ሲያመው ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፎ ሊተወው ይችላል። መልእክት አመላላሹ፣ ምግብ አድራሹ፣ ከቤቱ እስከ ሥራው በብስክሌት የሚመላለሰው ሠራተኛ ግን ቢያመውም ነገ ጧት ይወጣበታል፤ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። የመቀመጫ ነገር ለእንዲህ ያለው ሰው የቅንጦት ጥያቄ አይደለም።

ሕመሙ ከምን እንደሚነሣ ያላወቀ ነጋዴ መድኀኒቱን ሊሸጥ ስለማይችል፣ ነገሩን ከሥሩ ማየት ይበጃል። ሰው ሲቀመጥ ክብደቱን የሚሸከሙለት በመቀመጫው ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት አጥንቶች ናቸው። በእነርሱ መካከል ያለው ለስላሳ ሥጋ ለሸክም የተፈጠረ አይደለም፤ ወደ ኀፍረተ ሥጋ የሚሄዱት የደም ሥሮችና ነርቮች የሚያልፉት በዚያ በኩል ነው። የተለመደው የብስክሌት መቀመጫ ከኋላው ሰፍቶ ወደ ፊት እየጠበበ ይሄዳል፤ ፊተኛው ጫፉም አፍንጫ ይባላል። ነጂው መሪውን ለመያዝ ወደ ፊት ባዘነበለ ቁጥር ክብደቱ ከሁለቱ አጥንቶች እየሸሸ ወደዚህ አፍንጫ ይመጣል። ያን ጊዜ የደም ሥሩና ነርቩ በሰውነቱና በመቀመጫው መካከል ይጨመቃሉ። እግር ተጣጥፎ ሲቀመጡበት እንደሚደነዝዝ ሁሉ ይኸኛውም ይደነዝዛል፤ ልዩነቱ ይህ በየቀኑ ለሰዓታት የሚደጋገም መሆኑ ነው።

እንግዲህ በዚህ ላይ ለስላሳ ልብስ ቢጨመር ምን ይሆናል? ለአጭር መንገድ ይመቻል፤ ይህን መካድ አይገባም። መንገዱ ሲረዝም ግን ሁለቱ አጥንቶች ስፖንጁን ተጭነው ወደ ታች ይሰምጣሉ፤ በመካከል ያለው ስፖንጅ ደግሞ እንደ ሊጥ ወደ ላይ ይነሣና ሊጠበቅ የሚገባውን ሥፍራ ይጫነዋል። ደንበኛው በሱቁ ውስጥ መቀመጫውን የሚፈትነው በአውራ ጣቱ ተጭኖ ነው፤ የሚቀመጥበት ግን በአውራ ጣቱ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በ1866 የተቋቋመው የብሩክስ ቤት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከወፍራም ቆዳ የሚሠራው መቀመጫ ስፖንጅ የሚባል ነገር የለውም፤ ሲነኩት እንደ ጣውላ ይደርቃል። ቆዳው ግን በጊዜ ብዛት የባለቤቱን አጥንት ቅርጽ እየያዘ ስለሚሄድ እስከ ዛሬ ድረስ በደኅና ዋጋ የሚገዙት ሰዎች አልጠፉም። ቆዳ ወደ ውጭ የሚልኩ ነጋዴዎች ይህን ልብ ቢሉት መልካም ነው፤ እርሱ ግን ለሌላ ቀን የሚቆይ ነገር ነው።

አፍንጫውን ጨርሶ ቆርጦ የማስቀረት አሳብ አዲስ የሚመስለው ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ሁለት እኩል ጎማ ያለው የዛሬው ዓይነት ብስክሌት በጆን ኬምፕ ስታርሊ እጅ በ1885 ከተሠራና የደንሎፕ በነፋስ የሚነፋ ጎማ ከ1888 ወዲህ ከተጨመረለት በኋላ፣ በ1890ዎቹ ብስክሌት በአውሮፓና በአሜሪካ እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። ሐኪሞችም ወዲያው ስለ መቀመጫው ይጽፉ ጀመር። በስፖርት ዕቃ ንግድ የታወቀው የአሜሪካው የስፖልዲንግ ኩባንያ በዚያ ጊዜ «ክሪስቲ» የተባለ መቀመጫ ይሸጥ ነበር፤ በብረት አካል ላይ ሁለት ትራሶች ለየብቻቸው ተቀምጠውበት መካከሉ ክፍት የሆነ ነው። ማስታወቂያው የዳሌን አጥንት ሥዕል ይዞ፣ በተራው መቀመጫ ላይና በክሪስቲ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ ጎን ለጎን ያሳይ ነበር። ለዚያ ዘመን ጨዋ አንባቢ ይህ ቀላል ድፍረት አልነበረም። በአሥሩ ዓመት መጨረሻ ግን የብስክሌት ገበያ ወደቀ፤ ለእሽቅድምድም የሚስማማው ባለ አፍንጫው ቅርጽም የሕዝቡ ሁሉ መቀመጫ ሆኖ ቀረ። የእሽቅድምድም ዕቃ ለመንገደኛ ሲሸጥ መኖሩ በንግድ ዓለም ብዙ ጊዜ የሚታይ ነገር ነው።

ጉዳዩ እንደ ገና በቁም ነገር የተመረመረው ብስክሌት የሥራ መሣሪያቸው በሆነባቸው ሰዎች ላይ ነው። በአሜሪካ በብዙ ከተሞች ፖሊሶች በብስክሌት ስለሚዘዋወሩ፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ ስለ መደንዘዝ ስላመለከቱ፣ የአገሪቱ የሥራ ደኅንነትና የጤና ብሔራዊ ተቋም ነገሩን ያዘው። የተቋሙ ተመራማሪ ስቲቨን ሽሬደርና ባልደረቦቹ በ2008 ያወጡት ጥናት ከአምስት የከተማ አካባቢዎች የተውጣጡ 90 ብስክሌተኛ ፖሊሶችን ስድስት ወር ያህል አፍንጫ በሌለው መቀመጫ ያስነዳ ነበር። በለስላሳው ሥፍራ ላይ የሚያርፈው ጫና በመቶ 66 ቀነሰ። ባለፉት ስድስት ወራት ሲነዱ አልደነዘዘንም ያሉት ቀድሞ ከመቶ 27 ብቻ የነበሩት ወደ 82 ከፍ አሉ። ከሁሉ ይልቅ ነጋዴን ሊያስደንቀው የሚገባው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ስድስቱ ወር ሲያልቅ ወደ አሮጌው መቀመጫ የተመለሱት ከጥቂት ሰዎች በቀር አልነበሩም። ደንበኛ ዕቃውን ስድስት ወር ሠርቶበት አልመልስም ካለ፣ ከዚህ የሚበልጥ የምስክር ወረቀት አይገኝም። ተቋሙም በ2009 ብስክሌት ለሚነዱ ሠራተኞች አፍንጫ የሌለውን መቀመጫ የሚመክር ጽሑፍ አሳተመ።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ይገባል። በአገራችን ገበያ አንድ ዕቃ ከወንድ ኃይል ጋር ስሙ ከተነሣ፣ በማግሥቱ መድኀኒት ተብሎ እንደሚታወጅ የታወቀ ነው። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ እውነትም አይደለም፤ ለንግዱም አይበጅም። በዚያው በ2008 ጥናት ፖሊሶቹ ራሳቸው የሰጡት መልስ መሻሻል ቢያሳይም፣ ሌሊት በመሣሪያ የተለካው ግን ለውጥ አልታየበትም። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሳን ፍራንሲስኮ የሚሠሩ ሐኪሞች በ2018 ያወጡት ሰፊ ጥናትም ብስክሌተኞች በዚህ ረገድ ከዋናተኞችና ከሯጮች እንደማያንሱ፣ ነገር ግን መደንዘዝ እንደሚበዛባቸው ነው ያስረዳው። ስለዚህ በእርግጥ ሊባል የሚችለው ይህ ነው፤ አፍንጫ የሌለው መቀመጫ ጫናንና መደንዘዝን ይቀንሳል። ከዚያ አልፎ የሚናገር ሻጭ ከዕቃው በላይ የሆነ ዋስትና ሰጥቷል ማለት ነው። መደንዘዙ ከብስክሌት ከወረደም በኋላ የማይለቀው ደንበኛ የመጣ እንደ ሆነ፣ ሐቀኛ ባለሱቅ ወደ ሐኪም እንዲሄድ ይነግረዋል እንጂ ሌላ መቀመጫ አይሸጥለትም።

ዕቃው ጉድለትም አለው። ነጂው በተለመደው መቀመጫ ላይ ሳያስበው አፍንጫውን በጭኖቹ ይዞ ብስክሌቱን ያቀናል፤ በተለይ በፍጥነት ሲታጠፍና ቁልቁለት ሲወርድ ይህ ይረዳዋል። አፍንጫው ሲቀር ይህ እርዳታ ይቀራል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናትም ወደ ፊት የመንሸራተት ስሜት አለው። አዲሱን ለመልመድ ጊዜ ያስፈልጋል። እንደ ባሕር ዳር ባለ ሜዳማ ከተማ፣ ወንዱም ሴቱም ብስክሌት በሚነዳበት፣ ይህ ጉድለት የሚሰማው ሰው ጥቂት ነው። ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት በአዲስ አበባ ግን ገዢው አስቀድሞ ሊነገረውና መጀመሪያ በሜዳ እንዲለምደው ሊመከር ይገባል። የኮብልስቶን መንገድም የራሱ ጣጣ አለው፤ በእርሱ ላይ የትኛውም መቀመጫ ቢሆን ከድንጋዩ ንዝረት አያድንም፤ ከመቀመጫው ትንሽ ብድግ ብሎ በፔዳሉ ላይ ቆሞ ማለፍ ይሻላል። ለውድድር የሚዘጋጅ ወጣትም ሌላ ደንበኛ ነው። በ2016 ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ ለመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ከሆነ ወዲህ ይህን ሕልም የያዙ ልጆች አይጠፉም። የዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ደንብ የውድድር መቀመጫ ርዝመት ከ24 ሴንቲሜትር እንዳያንስ፣ ከ30 እንዳይበልጥ ስለሚያዝ፣ ለእነርሱ ፈጽሞ አጭር የሆነውን መሸጥ ገንዘባቸውን ማባከን ነው።

በፋብሪካዎች የዕቃ ዝርዝር ላይም ስሞች ስለሚመሳሰሉ አስመጪውን ሊያሳስቱት ይችላሉ። «ኖ ኖዝ» ወይም «ኖዝለስ» የሚባለው እውነተኛው አፍንጫ የሌለው ነው፤ ይህም እንደ አነስተኛ አግዳሚ ወንበር አንድ ወጥ የሆነና ሁለት ትራሶች ለየብቻ የተተከሉበት ይገኛል። ከሁለተኛው ወገን አንዳንዱ የሁለቱ ትራሶች ርቀት እንደ ገዢው አጥንት እንዲሰፋና እንዲጠብ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ለባለሱቅ የሚሻለው ይህ ነው፤ አንድ ዕቃ ለብዙ ሰው ይሆናልና። የአሜሪካው «አዳሞ» ደግሞ ከፊት ለፊቱ እንደ መንታ ጣት የተከፈለ ነው፤ መካከሉ ክፍት ሆኖ ሁለት አጫጭር ጣቶች ወደ ፊት ይወጣሉ። «ሾርት ኖዝ» የተባለው ግን አፍንጫው ያጠረ የእሽቅድምድም መቀመጫ እንጂ አፍንጫ የሌለው አይደለም። መካከሉ የተቦረቦረውም እንዲሁ አፍንጫ አለው። ከሥዕሉና ከስሙ ብቻ ተነሥቶ ያዘዘ ሰው ሌላ ዕቃ ቢደርሰው የሚወቅሰው አያገኝም።

መቀመጫ ከመሸጡ በፊት ግን ባለሱቁ ሊያደርገው የሚገባ፣ ዋጋ የማይጠየቅበት ሥራ አለ። ብዙ ጊዜ ሕመሙ የሚመጣው መቀመጫው ከልክ በላይ ከፍ ብሎ ወይም አፍንጫው ወደ ላይ ቀንቶ ነው። ደንበኛው ብስክሌቱ ላይ ይቀመጥ፤ ተረከዙን ታች በደረሰው ፔዳል ላይ ያድርግ፤ እግሩ ቀጥ ካለ ቁመቱ ልክ ነው። ፔዳሉን ለመድረስ ዳሌው ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ከሆነ መቀመጫው ዝቅ ይበል። የመቀመጫው ጀርባም ከመሬቱ ጋር ተስተካክሎ ይቁም። ይህ ሁሉ የአንድ መፍቻና የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከዚህም በኋላ ሕመሙ የለቀቀው ደንበኛ ምንም ሳይገዛ ይሄዳል። ባለሱቁ በዚህ ሊቆጨው አይገባም፤ ያ ሰው ጎማውንም ፍሬኑንም የሚገዛው ከዚያው ሱቅ ነው።

ሕመሙ ያልለቀቀው ደግሞ ይለካ። ለዚህ የሚያስፈልገው ከካርቶን ሣጥን የተቆረጠ አንድ ወፍራም ገጽ ነው። ካርቶኑ በጠንካራ ወንበር ላይ ይነጠፍ፤ ደንበኛው ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ይቀመጥበት፤ ሲነሣ ሁለት ጉድጓዶች ትቶ ይነሣል። ከአንደኛው ጉድጓድ መካከል እስከ ሁለተኛው መካከል ያለው ርቀት በብዙ ሰዎች ላይ ከ100 እስከ 140 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ የሴቶች በአማካይ ከወንዶች ይሰፋል። ባለ አፍንጫም ሆነ ያለ አፍንጫ፣ መቀመጫው ከዚህ ልክ 20 ወይም 30 ሚሊሜትር ያህል ሰፍቶ አጥንቶቹን በደንብ መያዝ አለበት። የሰውየው ውፍረት ወይም ቁመት በዚህ ነገር አያስፈርድም፤ ግዙፍ ሰው ጠባብ አጥንት፣ ቀጭን ሰው ሰፊ አጥንት ሊኖረው ይችላል። ጫማን ሳይለኩ የማይሸጥ ነጋዴ መቀመጫን በግምት የሚሸጥበት ምክንያት አይታይም።

አሁን የቀረው የአስመጪው ነገር ነው። በአዲስ አበባ በአዲሶቹ መንገዶች ዳር የብስክሌት መሥመር ተሠርቷል፤ ከ2024 ወዲህም በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ ተከልክሏል። የብስክሌት ነጂ ቁጥር ይጨምራል ብሎ መጠበቅ ከልክ ያለፈ ተስፋ አይሆንም። ይህን ሰምቶ አንድ ኮንቴይነር ሙሉ አፍንጫ የሌለው መቀመጫ የሚያዝ ሰው ግን ገንዘቡን በመጋዘን ያስራል። ዋጋው ከተራው መቀመጫ ይበልጣል፤ በ2024 ክረምት የምንዛሪው አሠራር ከተለወጠ ወዲህ ደግሞ የውጭ ዕቃ በብር ሲታሰብ ይከብዳል። ፈላጊውም ገና ፍላጎቱን በአፉ መናገር አልጀመረም። የሚሻለው ከሁለት ወይም ከሦስት ዓይነት ጥቂት ጥቂት ናሙና አስመጥቶ፣ ብስክሌት በብዛት ለሚያሠሩ ድርጅቶችና ለተመረጡ ባለሱቆች ማደል ነው። በየቀኑ የሚነዱ ሠራተኞች ሁለት ወር ከነዱበት በኋላ የሚሰጡት ቃል ከማንኛውም ማስታወቂያ ይልቅ ትእዛዙን ይወስናል።

በወረቀቱ ሥራ ላይ ስሕተት እንዳይኖር፣ በዓለም አቀፉ የጉምሩክ ዝርዝር ሙሉ ብስክሌት በ8712፣ የብስክሌት መቀመጫ ግን በ8714.95 የሚመደብ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። መቀመጫውን ከሌላው መለዋወጫ ጋር በደፈናው «የብስክሌት ዕቃ» ብሎ በፋክቱር ላይ ማስጻፍ በጉምሩክ በር ላይ ለሚመጣው ክርክር መንገድ መክፈት ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ብዙ ዕቃ የሚያስቀረው ግን አንዲት ትንሽ ብረት ናት። አዳዲሶቹ መቀመጫዎች ከሥራቸው 7 ሚሊሜትር ውፍረት ባላቸው ሁለት ሽቦዎች ይያዛሉ። በአገራችን የሚበዙት ርካሽ ብስክሌቶች ደግሞ የመቀመጫቸው ቋሚ ብረት ጫፉ ላይ ያለ ማቀፊያ 22.2 ሚሊሜትር ሆኖ ባዶውን የቆመ ነው። ሽቦዎቹን ከዚህ ብረት ጋር የሚያያይዘው ማቀፊያ ለብቻው የሚሸጥ ስለሆነ፣ በትእዛዙ ላይ ካልተጻፈ ከፋብሪካው አይመጣም፤ መቀመጫውም ደርሶ የሚታሰርበት ይጠፋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መቀመጫ አንድ ማቀፊያ አብሮ ይታዘዝ፤ ለመጥፋቱም ጥቂት ትርፍ ይጨመር።

ባለሱቁም በበኩሉ ከየዓይነቱ አንዱን ለማሳያ ይዞ፣ መያዣ ገንዘብ ተቀብሎ ለአንድ ሳምንት ሊያውሰው ይችላል። ደንበኛው ካልተስማማው ይመልሳል፤ ገንዘቡም ይመለስለታል። የማሳያው መቀመጫ በጊዜው ያረጃል፣ ልብሱም ይቀደዳል፤ ይህንን ወጪ ግን አስመጪው ከናሙናው ጋር ቢሸከመው ይገባል፤ ባለሱቁ ብቻውን እንዲከፍል ከተተወ ግን ዕቃው ከመደርደሪያው ሳይወርድ፣ ደንበኛውም ስፖንጁን ልብስ ገዝቶ ይሄዳል።